ሰሜን ሸዋ ላላችሁ፦ ለነፍሰ ጡር፣ ለምታጠባ እናትና ለትንንሽ ልጆች ያለውን የምግብ ድጋፍ እንዴት ነው ምታገኙት

ይሄን ስፅፍ ሁለት አይነት ሰው ነው በሃሳቤ ያለው። አንዷ ራሷ ነፍሰ ጡር የሆነች ወይ ትንሽ ልጅ ያላት ኑሮ የከበዳት እናት ነች፣ ሌላው ደሞ ደብረ ብርሃንም ይሁን ሸዋ ሮቢት አዲስ አበባም ይሁን ሆኖ መንዝ ወይ መርሃቤቴ ወይ ግሼ ያለች እህቱን፣ ያክስቱን ልጅ፣ የወንድሙን ሚስት ሚያስብ ሰው ነው። ድጋፉ አለ። ግን አንድ ቦታ ላይ ተሰብስቦ አይደለም ያለው፣ ጤና ኬላ ላይ ያለው ሌላ ነው፣ ቀበሌ ላይ ያለው ሌላ ነው፣ ጤና መድኑ ደሞ ለብቻው ነው፣ አንዱ ጋ ስትሄዱ ስለሌላው ሚነግራችሁ ሰው ብዙ ጊዜ የለም፣ እና እናት ስሜ ይጠራል ብላ ቤቷ ስትጠብቅ ልጁ ይጎዳል። ስለዚ ከሁሉ በፊት ምለው፦ አትጠብቁ፣ ልጁ ገና ሳይከሳ ወስዳችሁ አስለኩት፣ ከዛ የሚገባችሁን በስሙ ጠርታችሁ ጠይቁ።

ይሄ የኛን አገር አይመለከትም ሚል ሰው ካለ፣ በ2011 ዓ.ም በተደረገው አገር አቀፍ የጤና ጥናት ላይ አማራ ክልል ውስጥ ከ5 አመት በታች ካሉ ልጆች 41 በመቶ የሚሆኑት ቁመታቸው ለእድሜያቸው ያነሰ ነበር፣ ያገሪቱ አማካይ ደሞ 37 በመቶ። ጤፍ ከምንጃር፣ ስንዴ ከሞረትና ጅሩ እየተጫነ በሚወጣበት አገር ማለት ነው። እህል ያለበት ቤት ልጅ አይጎዳም ማለት አይደለም፣ እህል የሌለበት ቤትማ ይብሳል። በተለይ በልግ በሚጠበቅበት ደጋ፣ መንዝ ጣርማበር አንኮበር አካባቢ፣ የበልጉ ዝናብ ከቀረ ከሰኔ ጀምሮ መኸር እስኪደርስ ያለው ጊዜ ምን ያህል እንደሚከብድ ለናንተ አልነግርም።

መጀመሪያ ምትሄዱት ጤና ኬላ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ1995 ዓ.ም ጀምሮ ያለ ነው፣ በየቀበሌው ጤና ኬላ አለ፣ አብዛኛው ቦታ ሁለት ኤክስቴንሽኖች ይመደባሉ። አንዳንድ ቀን ስትሄዱ በሩ ዝግ ሊሆን ይችላል፣ ምክንያቱም ቤት ለቤት መዞር ራሱ ስራቸው ነው፣ ስለዚ የክትባት ቀን መቼ እንደሆነ ከጎረቤት ጠይቁና በሱ ቀን ሂዱ፣ በሱ ቀን አይጠፉም። ደሞ ሩቅ ጎጥ ካላችሁ የሴቶች ልማት ቡድን መሪዋን ያዟት፣ እሷ የኤክስቴንሽኗን ስልክ አታጣም። ከተማ ያላችሁ ደሞ ቀጥታ የቀጠናችሁ ጤና ጣቢያ።

እዛ ስትደርሱ "ልጄን ክንዱን ለኩልኝ" በሉ። እንዲህ በግልፅ። ብዙ እናት ልጁ ሳለ ወይ ተቅማጥ ያዘው ብላ ትሄድና መድሃኒት ተቀብላ ትመለሳለች፣ ክንዱ ሳይለካ። ልኬቱ በጣም ቀላል ነው፣ ከ6 ወር እስከ 5 አመት ላለ ልጅ ሚሰራ ቀለም ያለው ሜትር አለ፣ ግራ ክንዱ ላይ ከትከሻው ጫፍና ከክርኑ ጫፍ መሃል ላይ እጁ ዘና ብሎ ወደ ታች እንደተንጠለጠለ ይጠመጠማል፣ ሳይጠብቅ ሳይላላ። 12.5 ሴንቲ እና ከዛ በላይ ከሆነ አረንጓዴ ነው፣ ደህና ነው። ከ11.5 እስከ 12.5 መሃል ከሆነ ቢጫ ነው፣ መካከለኛ የምግብ እጥረት ይሉታል። ከ11.5 በታች ከሆነ ቀይ ነው፣ ከባድ ነው፣ በዛው ቀን ህክምና መጀመር አለበት። ቁጥሩን ጠይቃችሁ ያዙት፣ ካርዱ ላይ አስፅፉት፣ "ትንሽ ቀንሷል" ብቻ ከተባላችሁ አትመለሱ፣ ስንት ነው ብላችሁ ጠይቁ። የሚቀጥለው ወር ስትሄዱ ከፍ ማለቱን ዝቅ ማለቱን ማወቅ ምትችሉት በቁጥሩ ነው።

አንድ ነገር ደሞ ሰው ሚያሳስተው አለ፣ እብጠት። የተጎዳ ልጅ ሁሌ አይከሳም፣ አንዳንዱ ፊቱና እግሩ ያብጥና ቤተሰብ ወፈረ ብሎ ደስ ይለዋል። ሁለቱንም የእግሩን ጀርባ በአውራ ጣታችሁ ሶስት ሰከንድ ያህል ተጫኑትና ልቀቁት፣ የጣታችሁ ቦታ ሁለቱም እግር ላይ ጎድጉዶ ከቀረ የክንዱ ልኬት ምንም ይሁን ምን ከባድ ነው፣ ነገ ዛሬ ሳትሉ ውሰዱት።

ቀይ ከሆነ ወይ እብጠት ካለውና እብጠቱ ካልባሰ ሚገባው ኦቲፒ ሚባለው ውስጥ ነው፣ ማለትም ሆስፒታል ሳይተኛ ቤቱ ሆኖ በየሳምንቱ እየተመላለሰ ሚታከምበት። መጀመሪያ እዛው ፊታቸው ላይ ፕላምፕኔት ሚባለውን የታሸገ ምግብ ይሰጡትና ይበላል አይበላም ብለው ያያሉ፣ የምግብ ፍላጎት ፈተና ነው እሱ። ልጁ ሲፈራና ሲያለቅስ እምቢ ሊል ይችላል፣ ስለዚ ተረጋግታችሁ ጥላ ስር ተቀምጣችሁ እጃችሁን ታጥባችሁ ቀስ እያላችሁ ሞክሩ፣ አትቸኩሉ፣ ሰልፍ አለ ብለው ቢያዋክቧችሁም ጊዜ ስጡኝ በሉ። ከበላ አሞክሳሲሊን ሚባል መድሃኒት ይሰጠዋል፣ ክትባቱ ይታያል፣ ከዛ በክብደቱ ልክ የሳምንቱ ፕላምፕኔት ይቆጠርላችሁና ትሄዳላችሁ። ነፃ ነው። ለካርድ ለትራንስፖርት ለምናምን ብሎ ብር ሚጠይቅ ሰው ካለ አትስጡ፣ ማነው የጠየቀኝ ብላችሁ ስሙን ይዛችሁ ለጤና ጣቢያው ሃላፊ ንገሩ።

ፕላምፕኔት አንዱ እሽግ 92 ግራም ነው፣ 500 ካሎሪ አለው፣ ኦቾሎኒ የወተት ዱቄት ዘይት ስኳርና ቪታሚን የተቀላቀለበት ነው። ህፃኑ ጡት ሚጠባ ከሆነ ጡት ይቀድማል፣ ከዛ እሱ በትንሽ በትንሹ ቀኑን ሙሉ፣ አጠገቡ ንፁህ ውሃ ይኑር ምክንያቱም ያስጠማል። ሙቅ ውስጥ አትቀላቅሉት፣ ከሌላ ምግብ በፊት እሱን ይጨርስ። ለሌላው ልጅ አታካፍሉ ምላችሁ እንደሚከብድ እያወቅኩ ነው፣ ሌላው ልጅ ፊቱን አዙሮ እያየ አንዱን ብቻ ማብላት ለእናት ከባድ ነው፣ ግን ይሄ ብስኩት አይደለም መድሃኒት ነው፣ በክብደቱ ተሰልቶ የተሰጠ ስለሆነ ከተካፈለ አንዱም አይድንም። ለታላቁ ሌላ ነገር ስጡት፣ ቆሎም ንፍሮም ቢሆን። እሱም የከሳ ከመሰላችሁ ይዛችሁት ሂዱ፣ እሱም ይለካ፣ የራሱ ይሰጠዋል። ገበያ ላይ ሚሸጥም አለ፣ አትሽጡ አትግዙም። ባዶ እሽጉን አትጣሉት፣ አንዳንድ ቦታ ቆጥረው ነው ሚቀበሏችሁ።

ብዙ ጊዜ ሁለት ወር ገደማ ይፈጃል። ሶስተኛው አራተኛው ሳምንት ላይ ልጁ ይስቃል ይጫወታል፣ እና ብዙ ሰው እዛ ላይ ያቋርጣል፣ እርሻም አለ ገበያም አለ መንገዱም ሩቅ ነው። ባካችሁ አታቋርጡ። ክንዱ 12.5 ደርሶ በተከታታይ ሁለት ጊዜ ሲለካ እዛው ከቆየ ነው ሚያስወጡት፣ ከዛ በፊት ከቀረ ሚመለሰው ወደ ነበረበት ነው።

ልጁ ፕላምፕኔቱን እምቢ ካለ፣ እብጠቱ ከእግሩ አልፎ ፊቱ ድረስ ከደረሰ፣ ሁሉንም ካስመለሰው፣ ካንቀጠቀጠው፣ ፈዞ ካልነቃ፣ ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ሰውነቱ በጣም ካተኮሰ ወይ ከቀዘቀዘ፣ ወይ ከ6 ወር በታች ሆኖ ከከሳና መጥባት ካቃተው፣ ይሄ ቤት ሚታከም አይደለም፣ ተኝቶ ነው ሚታከመው። ኤስሲ ይሉታል፣ እዛ ኤፍ 75 ሚባል ወተት እየተሰጠው ይረጋጋል። ደብረ ብርሃን ሆስፒታል፣ መሃል ሜዳ፣ አጣዬ፣ ዓለም ከተማ እናት ሆስፒታል፣ ከናንተ ሚቀርበውን ኤክስቴንሽኗ ሪፈር ትፅፍላችኋለች፣ አምቡላንስም እሷ ናት ምትጠራው። ሪፈሩን ሳትይዙ አትሂዱ፣ ለምን እንደሆነ ጤና መድኑ ጋ እነግራችኋለሁ።

ቢጫ ከሆነስ? እዚ ላይ እንደየወረዳው ይለያያል። የምግብ እጥረት የባሰባቸው ተብለው በተለዩ ወረዳዎች ለቢጫ ልጆችና ለከሱ እናቶች ተጨማሪ ምግብ ይሰጣል፣ ለልጅ የታሸገ ምግብ ወይ እኛ ፋፋ ምንለው አይነት የተመጣጠነ ዱቄት፣ ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት ዱቄትና ዘይት። ሌላ ወረዳ ላይ የለም፣ ወይ አለ ተብሎ ሚያልቅበት ጊዜ አለ። "አልቋል" ስትባሉ "መቼ ይመጣል፣ ስሜ መዝገብ ላይ ሰፍሯል ወይ" ብላችሁ ጠይቁ። ምንም ባይኖር እንኳ ቢጫ ልጅ በየጊዜው መለካት አለበት፣ ወደ ቀይ ከወረደ ያኔውኑ ኦቲፒ ይገባል። ከዛም በላይ ቢጫ ላይ ያለ ልጅ በቤት ምግብ ሚመለስበት እድል ሰፊ ነው፣ ወረድ ብዬ እመጣበታለሁ።

የእናት ክንድ ደሞ አለ፣ ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይ ከ6 ወር በታች ልጅ ምታጠባ እናት ክንዷ ከ23 ሴንቲ በታች ከሆነ ለተጨማሪ ምግቡ ታስባለች፣ ልጇ 6 ወር እስኪሞላው። ስለዚ እህቴ ለክትትል ስትሄጂ "የኔንም ለኩኝ" በይ። ክትትሉ ራሱ፣ ወሊዱ፣ ከወሊድ በኋላ ያለው፣ ክትባቱ፣ በመንግስት ጤና ጣቢያ ሁሉም ነፃ ነው። ፅንሱ ሶስት ወር ሳይሞላው ጀምሪ፣ አሁን ላይ መመሪያው ቢያንስ ስምንት ጊዜ መታየት ይላል፣ አይረን ፎሊክ አሲድ ሚባለው ክኒን እዛ ነው ሚሰጠው፣ ሆድ ያምመኛል ሰገራዬን ያጠቁረዋል ብለሽ አትጣይው፣ ምግብ በልተሽበት ማታ ዋጪው። ከሻይና ከቡና ጋር ግን አይሁን። ቤትሽ ከመንገድ በጣም ከራቀ ደሞ ብዙ ጤና ጣቢያዎች ውስጥ የእናቶች ማቆያ አለ፣ ቀንሽ ሲቃረብ ገብተሽ መቆየት ትችያለሽ፣ ህዝቡ እህል አዋጥቶ ገንፎውም ሚገነፋው እዛው ነው።

አሁን ወደ ቀበሌ። ሴፍቲኔት፣ ማለትም እህል ለሚያጥረው ቤተሰብ በስራ ወይ በቀጥታ ድጋፍ ሚሰጥበት ፕሮግራም፣ ከ1997 ዓ.ም ጀምሮ ያለ ነው፣ ሁሉም ወረዳ ውስጥ ግን የለም፣ የናንተ ወረዳ ታቅፎ እንደሆነ ማወቅ ያለባችሁ ከልማት ጣቢያ ሰራተኛው ወይ ከቀበሌ ሊቀመንበሩ ነው። አመራረጡ በህዝብ ስብሰባ ነው መሆን ያለበት፣ በየጎጡ ሰው ተቀምጦ እገሌ ምግብ አይደርሰውም እገሌ ይደርሰዋል ብሎ ለይቶ፣ ስም ዝርዝሩም ሰው ሊያየው ሚችል ቦታ ይለጠፋል። ስለዚ ስብሰባ ሲጠራ መቅረት የለም። በተለይ ባል የሌላት፣ ባሏ ለስራ የሄደባት፣ አዲስ የተፈናቀለች ሴት ስሟን ሚጠራላት ሰው ላይኖር ይችላል፣ ራሷ ትቁም፣ ካፈረች ጎረቤት ይዛ ትሂድ። ስሟ ካልገባ ደሞ የቀበሌ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ሚባል አለ፣ ለመራጮቹ ሳይሆን ለሱ ነው አቤቱታ ሚቀርበው፣ በፅሁፍ ይሁን፣ ስንት ቤተሰብ እንዳላት፣ ስንት ጥማድ መሬት እንዳላት፣ ከብት እንዳላት እንደሌላት፣ ስንት ወር እህል እንደሚያጥራት። ቁጣ ሳይሆን ቁጥር ይፃፍበት። ቀን ያለበት ኮፒ በእጇ ትያዝ። ቀበሌ ላይ ካልተፈታ ወረዳ ምግብ ዋስትና ፅህፈት ቤት ድረስ ይኬዳል።

አንዲት ጎረቤቴ እርጉዝ ሆና ድንጋይ ስትሸከም ነው የከረመችው፣ ማንም ስላልነገራት። ይሄ በጣም ስለሚያንገበግበኝ ረዘም አርጌ ልፃፈው። ሴፍቲኔት ውስጥ ያለች ሴት በወር አምስት ቀን የእርከን የመንገድ ስራ ትሰራለች አይደል፣ እርጉዝ መሆኗ ከታወቀ ግን ከጉልበት ስራው ወጥታ ጊዜያዊ ቀጥታ ድጋፍ ወደሚባለው ትዛወራለች፣ ክፍያው ሳይቀነስ ማለት ነው፣ ከወለደች በኋላም ቢያንስ ልጁ አንድ አመት እስኪሞላው። ልጇ በምግብ እጥረት ኦቲፒ የገባባት እናትም እንደዛው፣ ልጁ እስኪያገግም። ይሄ በማንም በጎ ፈቃድ ሚሰጥ ነገር አይደለም፣ የፕሮግራሙ መመሪያ ነው። አደራረጉ፦ ጤና ኬላ ትሄጃለሽ፣ ነፍሰ ጡር መሆንሽን ወይ ልጅሽ ህክምና ላይ መሆኑን ሚያረጋግጥ ወረቀት ኤክስቴንሽኗ ትፅፍልሻለች፣ ወረቀቱን ለልማት ጣቢያ ሰራተኛው ትሰጪዋለሽ፣ "ወንድሜ፣ ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ወረቀቴ ይኸው፣ ወደ ቀጥታ ድጋፍ አዛውረኝና መዝገቡ ላይ ልየው" ብለሽ። መዝገቡ ላይ ልየው ማለቱን አትርሺ። በቃል "እሺ ገብቶኛል" ተብሎ ወሩ ሲደርስ ቀሪ ተብላ የተቆረጠባት ሴት አለች። ሆድሽ እስኪገፋም አትጠብቂ። በምትኩ ሚጠበቅብሽ ክትትል መሄድና ኤክስቴንሽኗ በምትሰበስበው የእናቶች ትምህርት ላይ መገኘት ነው። እርጉዝ ያልሆነች ሴት ራሷ ስራው ላይ ዘግይታ ገብታ ቀድማ እንድትወጣ ነው አሰራሩ ሚለው፣ ቤት ውስጥ ስራ ስላለባት።

የሴፍቲኔቱ ካርድ ላይ የባልም የሚስትም ስም መኖር አለበት። የሚስት ስም ከሌለ አሁን ሳይጣሉ በሰላሙ ጊዜ አስገቡት። ከተማ ላላችሁ ደሞ የከተማ ሴፍቲኔት ሚባል ለብቻው አለ፣ እሱም በሁሉም ከተማ ስላልሆነ የቀበሌያችሁን ፅህፈት ቤት ጠይቁ።

ተፈናቅላችሁ ደብረ ብርሃን ወይ ሌላ ከተማ መጠለያ ውስጥም ሆነ ሰው ቤት ተጠግታችሁ ያላችሁ፣ ለልጅ ክንድ ልኬትና ለኦቲፒ የቀበሌ መታወቂያ መስፈርት አይደለም። መታወቂያ የለኝም ብላችሁ ልጅ ይዛችሁ ቤት አትቀመጡ። መታወቂያ ሚያስፈልገው ለሴፍቲኔቱና ለመድኑ ነው።

ጤና መድን። በአመት አንዴ በቤተሰብ ሚከፈል ነው፣ መክፈል ማይችሉ የደሃ ደሃ ሚባሉትን ደሞ መንግስት ይከፍልላቸዋል፣ እነሱንም ሚመርጠው ቀበሌው ነው፣ ስለዚ ሴፍቲኔት ላይ ቀጥታ ድጋፍ ያላችሁ ወይ ምንም የሌላችሁ "በነፃ መደብ አስገቡኝ" ብላችሁ ጠይቁ። ካርዱ በየአመቱ ይታደሳል፣ ያለፈበት ካርድ ይዞ ሆስፒታል መድረስ ያስለቅሳል። አዲስ የተወለደውን ልጅ ስም አስገቡ፣ ያልተመዘገበ ልጅ ሲታመም ጣጣ ነው። እና ሪፈሩ ያልኳችሁ፣ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ታይታችሁ በሪፈር ከሄዳችሁ መድኑ ይሸፍናል፣ ድንገተኛ ካልሆነ በቀር ቀጥታ ሆስፒታል ከሄዳችሁ ከኪሳችሁ ልትከፍሉ ነው።

የቤት ምግቡ ጋ እንምጣ፣ ምክንያቱም ድጋፉ ሁሉ ቢገኝም ልጁ አብዛኛውን ቀን ሚበላው የናንተን ነው። እስከ 6 ወር ጡት ብቻ። ውሃም አይሰጥ። እንገሩን አፍስሱ ሚሉ እናቶች አሉ፣ አራስ ልጅ ቅቤ ማዋጥም አለ በኛ አገር፣ አማቶቻችንን በአክብሮት "እማማ፣ ጤና ጣቢያ ከልክለውናል" ብሎ ማለፍ ነው፣ እንገር የልጁ የመጀመሪያ ክትባት ነው። ከ6 ወር በኋላ ደሞ ቀጭን አጥሚት ብቻ አይበቃም፣ ሆዱን ይሞላዋል ግን አያሳድገውም። ገንፎው ከማንኪያ ላይ ቶሎ ማይፈስ ወፈር ያለ ይሁን። ሶስት እጅ እህል አንድ እጅ ጥራጥሬ። ደጋ ያላችሁ ገብስና የባቄላ ወይ የአተር ክክ፣ ሞረትና ጅሩ ስንዴና ምስር፣ ምንጃር ጤፍና ሽምብራ፣ ቀወትና ሸዋ ሮቢት ቆላው ደሞ ማሽላና ማሾ፣ ማሾ ነጋዴ እየገዛ ወደ ውጪ ይልከዋል የኛ ልጆች ግን አይበሉትም፣ እባካችሁ ከሽያጩ ትንሽ ለቤት አስቀሩ። ጥራጥሬውን ለቅማችሁ ዘፍዝፋችሁ አድርቁት፣ ቆላ አርጋችሁ ከክታችሁ አስፈጩት። ሲገነፋ ትንሽ ዘይት ወይ ቅቤ፣ የተፈጨ ካሮት ወይ የተቀቀለ ጎመን፣ እንቁላል ካለ እንቁላል። አዮዲን ያለው ጨው በጣም በትንሹ፣ በርበሬ ይቅር፣ አንድ አመት ሳይሞላው ማር አይሰጥ። ከ6 እስከ 8 ወር በቀን ሁለት ሶስቴ፣ ከ9 ወር በኋላ ሶስት አራቴ እና በመሃል ፓፓያ ማንጎ ምን፣ ጡቱ እስከ ሁለት አመት ይቀጥላል። እንቁላል ምትሸጡ እናቶች ከአስሩ ሁለት ሶስቱን ለልጁ አስቀሩ፣ በእንቁላሉ ብር ሚገዛው ብስኩት የእንቁላሉን ያህል አይጠቅመውም።

ፆም ላይ ግልፅ እንነጋገር። ቤተክርስቲያን ከሰባት አመት በታች ያለን ልጅ ፁም አትልም። ሆኖም በአብይ ፆም፣ በፍልሰታ፣ ረቡዕ አርብ፣ ቤቱ ውስጥ ወተትም እንቁላልም አይነካም፣ ምክንያቱም እናት ድስቱ ይነካካብኛል ብላ ትፈራለች፣ እና ልጁ ሳይፆም ይፆማል። መፍትሄው ትንሽ ነው፦ ለልጁ ብቻ ሚሆን አንድ ትንሽ ድስት፣ አንድ ሳህን፣ አንድ ማንኪያ ለብቻው አስቀምጡ፣ በሱ ብቻ ይሰራለት። ነፍሰ ጡርና አራስ ደሞ ከንስሐ አባቷ ጋ ትማከር፣ አባቶች ለሷ ያለውን ስርአት ያውቃሉ፣ ሳትጠይቅ ለብቻዋ ተጨንቃ አትክሳ። ቆላ ያላችሁ ሙስሊም እህቶቼም ረመዳን ላይ ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ ፍቃዱ እንዳለ ታውቃላችሁ፣ ኡስታዞቹን ጠይቁ።

በየስድስት ወሩ ሚሰጠው ቪታሚን ኤ ከ6 ወር እስከ 5 አመት ላለ ልጅ ነው፣ የሆድ ትላትል ክኒኑም እድሜው ለደረሰ ልጅ በየስድስት ወሩ ነው፣ ዘመቻ ሲመጣ አያምልጣችሁ። ከሁለት አመት በታች ያለ ልጅ በየወሩ ይመዘናል። የመጨረሻውን የኩፍኝ ክትባት በ15 ወር ነው ሚወስደው፣ ብዙ ሰው የ9 ወሩን ወስዶ ጨረስኩ ይላል።

በመጨረሻ፣ ብዙ እናት ለመውለድ ወደ እናቷ ቤት ትሄዳለች፣ ወይ ባል አዲስ አበባ ስራ አግኝቶ ይከተሉታል፣ ወይ መንገድ ተዘግቶ ዘመድ ጋ ይከርማሉ። ልጁ ኦቲፒ ላይ እያለ ከሄዳችሁ ህክምናው በመሃል ይቋረጣል፣ ስለዚ ከመሄዳችሁ በፊት ጤና ኬላ ገብታችሁ "ማዘዋወሪያ ፃፉልኝ" በሉ፣ ወረቀቱ ላይ የገባበት ቀን፣ ክብደቱ፣ የክንዱ ልክና ስንተኛ ሳምንቱ እንደሆነ ይፃፍ፣ ለመንገዱም የሚቀጥለውን ሳምንት ፕላምፕኔት ጨምረው እንዲሰጧችሁ ጠይቁ። የክትባት ካርዱ፣ የእናትየዋ የክትትል ካርድ፣ የመድን ካርዱና ማዘዋወሪያው አንድ ላስቲክ ውስጥ ይግቡ፣ ከልብሱ ሻንጣ ጋር ሳይሆን ከእናትየዋ ጋር ይሁን፣ እና በደረሳችሁ ሳምንት ውስጥ እዛ ያለው ጤና ኬላ ወይ ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ አስመዝግቡት።